የመስቀል ጦረኞች ምን በሉ?

ስለ መስቀል ጦርነት የምናነባቸው ታሪኮች ዘወትር የሚያወሩን ስለ መስፍኑና ስለ ሰይፉ ነው፡፡ ለመሆኑ ያ ሁሉ ሕዝብ ምን ይበላ ነበር? ጓዙንስ ማን ተሸከመው? ጥያቄው ተራ ይምሰል እንጂ የዘመቻው ትክክለኛ መልክ የሚታየን እዚህ ላይ ነው፡፡

የሮማው ፓፓ ዑርባኖስ 2ኛ በ1095 (እ.ኤ.አ.) በክሌርሞን የዘመቻውን ጥሪ ካሰማ በኋላ የመጀመሪያው ጣጣ ገንዘብ ነበር፡፡ የኖርማንዲው መስፍን ሮበርት ግዛቱን ለወንድሙ ለእንግሊዝ ንጉሥ በ10,000 ማርክ አስይዞ ተነሣ፡፡ ሌላውም ባለመሬት ርስቱን ለገዳም በወለድ አገድ ሰጠ፡፡ ምንም የሌለው ድኃ ግን እንዲያው በእግሩ ወጣ፡፡ በ1096 ገና ሃንጋሪ ሳሉ ስንቅ ያጡት ጭፍሮች የአገሬውን ገበሬ ዘረፉ፡፡

በ1097 በዶሪሌዎም ውጊያ ሴቶቹ ለተዋጊው ውሃ ያመላልሱ ነበር፡፡ ከዚያ ወዲያ በአናቶልያ ሐሩር ውሃ ጠፋ፤ ፈረሱም አለቀ፡፡ ባላባቱ በሬ ላይ ተቀመጠ፤ ጓዙ በፍየል፣ በበግና በውሻ ጀርባ ተጫነ፡፡

የባሰው ያገኛቸው በአንጾኪያ ነው፡፡ ከተማዋን ከሰባት ወር በላይ ከበው ሲቀመጡ፣ በብርዱ ወራት የአንድ አህያ ጭነት እህል 8 የቢዛንጥያ ወርቅ ገባ፡፡ ያለው ገዛ፡፡ የሌለው ኮሸሽላ ቀቀለ፤ ማገዶ ስላነሰ በቅጡ ሳይበስል ምላስ ይወጋ ነበር፡፡ ድኃውን ሰብኮ ያስነሣው ጴጥሮስ ባሕታዊ ራሱ በ1098 መግቢያ ሊኮበልል ሲል፣ ታንክሬድ የሚባለው መኮንን ተከታትሎ መለሰው! በ1099 ኢየሩሳሌምን ሲከቡ ደግሞ ውሃ የሚቀዳው ከ6 ማይል ርቀት፣ በተሰፋ የበሬ ቆዳ ነበር፤ ውሃውም ይሸት ነበር፡፡

ታዲያ ይህን ስንል ተራቡና ንጹሐን ነበሩ ማለታችን አይደለም፡፡ በ1096 በራይን ወንዝ ዳር ከተሞች አይሁዶችን የፈጁት ዘማቾች ናቸው፡፡ በጁላይ 1099 ኢየሩሳሌም ስትያዝም ያንን የሸተተ ውሃ ሲጠጡ የሰነበቱት ሰዎች በከተማው እስላሞችና አይሁዶች ላይ እልቂት ፈጸሙ፡፡ የተራበውና የገደለው አንድ ሰው ነው፡፡ የጀግንነት ታሪክ ብቻ ሲወራልን ረሃቡም ግፉም አብረው ይሸፈናሉ፡፡

እንግዲህ ማንም ስለ ቅዱስ ጦርነት ሊያወራን ሲመጣ፣ አስቀድመን ሁለት ነገር እንጠይቀው፤ እህሉ ስንት ገባ? ከማንስ ተነጠቀ?