ከዛፍ ወደ መስመር

የረቂቅ ሥዕል ነቃፊዎች፣ ሠዓሊው መሣል ስለተሳነው ከገሃዱ ዓለም ሸሸ ይላሉ። የሆላንዳዊው ሠዓሊ የፒየት ሞንድሪያን የዛፍ ሥዕሎች ግን ይህን ፍርድ ያፈርሳሉ።

እ.ኤ.አ. በ1908 በጀመረው «ቀይ ዛፍ» የተጣመመው ግንድና የተንዠረገጉት ቅርንጫፎች ጎልተው ይታያሉ፤ ኅብሩ ግን ቀይና ሰማያዊ ነው። ሠዓሊው ዛፍን በከሰልም ደጋግሞ ነድፏል። በ1911 የኪዩቢዝም ሥራዎች አምስተርዳም ላይ ታዩ። በዚያው ዓመት በተሠራው «ግራጫ ዛፍ» ቀለሙ ደበዘዘ፤ በቅርንጫፎቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታም ከቅርንጫፎቹ እኩል ክብደት አገኘ። በ1912 «ያበበ የፖም ዛፍ» ላይ ጎባጣ መስመሮች ብቻ የቀሩ ይመስላል።

እንግዲህ መስመሩ ከባዶ አልመጣም፤ ዛፍን ለዓመታት ከመመልከት ተወለደ እንጂ። ውጤቱን ቀድቶ ድካሙን የሚዘል ሠዓሊ ሥር ከሌለው ዛፍ ፍሬ የሚሻ ነው።