ፕላኔቶች የሚወለዱበት አቧራ

ልጆቻችሁ አንድ ቀን «ምድር ከምን ተሠራች?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። በግምት የተነገረውን በማስረጃ ከተረጋገጠው ለይታችሁ ትመልሱላቸው ዘንድ የአንድን ሐሳብ ታሪክ እነሆ።

እ.ኤ.አ. በ1755 ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት፣ በ1796 ደግሞ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ፣ ፀሐይና ፕላኔቶቿ ደመና ከመሰለ ሰፊ ቁስ ተገኙ ሲሉ ጻፉ። መነሻቸው ፕላኔቶች ሁሉ በአንድ ገበታ ላይ እንዳሉ ያህል በአንድ አቅጣጫ መዞራቸው ነበር። ይሁንና ክብደቱን ከሞላ ጎደል ጠቅልላ የያዘችው ፀሐይ ስለምን በዝግታ እንደምትሽከረከር ሐሳቡ ማስረዳት ተሳነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያም ብዙዎች ተዉት። በምትኩ፣ በአጠገብ ያለፈ ሌላ ኮከብ ከፀሐይ ላይ ቁስ ስቦ ፕላኔቶችን አስገኘ ተባለ። ይህም በተራው በስሌት ተፈትኖ ወደቀ።

የመጀመሪያው ሐሳብ ምስክር ያገኘው ዘግይቶ ነው። በ1983 ኢራስ የተባለችው ሳተላይት ቬጋ የተሰኘው ኮከብ በአቧራ መከበቡን ደረሰችበት። ቬጋ የሚለው ስም «አን-ነስሩል ዋቂዕ» ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ሲሆን፣ ቁልቁል የሚወርድ ንስር ማለት ነው። በ1984 ስሚዝና ቴሪል ቺሊ ሆነው በቤታ ፒክቶሪስ ኮከብ ዙሪያ የተዘረጋውን አቧራ ፎቶ አነሱ። የእነዚህ ሁለት ከዋክብት አቧራ ግን ከግንባታ በኋላ የሚቀር ፍርስራሽ ዓይነት ነው።

ግንባታው ራሱስ? የጋዝና የአቧራ ደመና በራሱ ስበት ሲኮማተር፣ እጁን ዘርግቶ የሚሽከረከር ሰው እጁን ሲሰበስብ እንደሚፈጥን ሁሉ፣ ሽክርክሪቱ ይፈጥናል። መሐሉ ኮከብ ሲሆን ዙሪያው እንደ ምጣድ ይዘረጋል፤ ይህንን ዲስክ ይሉታል። አቧራው እየተጣበቀ ያድጋል። ጊዜው ግን አጭር ነው፤ ጋዙ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ተበትኖ ያልቃል።

በ2014 በቺሊ በረሃ የሚገኘው አልማ፣ በሠውር ክልል 450 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ባለ ጨቅላ ኮከብ ዙሪያ ብሩህ ቀለበቶችንና ጨለማ ክፍተቶችን አሳየ። በ2018 ደግሞ ፒ.ዲ.ኤስ. 70 በተባለ ሌላ ኮከብ ዲስክ ክፍተት ውስጥ በመሠራት ላይ ያለ ፕላኔት ፎቶ ተነሣ።

እንግዲህ አስተውሉ! ሐሳቡ ከ200 ዓመት በላይ ምስክር ጠበቀ። ክፍተቶቹን ሁሉ የከፈቷቸው ፕላኔቶች መሆናቸው ዛሬም አልተረጋገጠም። ስለዚህ ለልጆቻችሁ «ይህ ታይቷል፤ ያ ገና ይመረመራል» በሏቸው። ዕውቀትን ከወሬ የሚለየው ይኸው ነው።