ኢሜይላችሁ ጥቁር መዝገብ ገባ? ማንን ትከሳላችሁ?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ፕሮፎርማ ልከን ለደንበኛው አልደረሰም። ኢሜይላችሁ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገብቷል ተባልን። ማንን እንክሰስ?» መልሱ ታሪክ ስላለው ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።)

ነገሩ የጦፈው ለእኛ በጣም ቅርብ በሆነ ጉዳይ ነው፤ በዲቪ! በኤፕሪል 1994 ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲግል የተባሉ የአሪዞና ባልና ሚስት ጠበቆች «የግሪን ካርድ ሎተሪ እናስሞላለን» ዓይነት ማስታወቂያ ዩዝኔት በተባለው የያኔው መወያያ ላይ በሺዎች ለሚቆጠሩ ቡድኖች በተኑ። ሎተሪውን ለመሙላት ጠበቃ እኮ አያስፈልግም። ሕዝቡ ተቆጣ፣ ስድቡ ጎረፈ። እነሱ ግን ይቅርታ መጠየቅ ቀርቶ በዚህ መንገድ እንዴት ሀብታም እንደሚኮን መጽሐፍ አሳተሙ።

ኢሜይልም ብዙ ሳይቆይ በማስታወቂያ ተጥለቀለቀ። ለላኪው ከሞላ ጎደል ነፃ ነው፤ ወጪውን የሚሸከመው ተቀባዩ ነው። በዚህ የተማረሩት ፖል ቪክሲና ዴቭ ራንድ ካሊፎርኒያ ውስጥ ማፕስ የሚባል ድርጅት መሠረቱ (ስሙ በላቲን ፊደል ከኋላ ሲነበብ «ስፓም» ይሆናል፤ ቀልደኞች ናቸው)። በ1997 የስፓም ላኪዎችን አይፒ አድራሻ የያዘ መዝገብ አወጡ።

አሠራሩን ልብ በሉልኝ። ኢሜይል ሲደርስ የተቀባዩ ሰርቨር የላኪውን አይፒ ይዞ መዝገቡን «ይህን ታውቀዋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ካለ፣ እንደ 127.0.0.2 ያለ መልስ ይመጣል። በቃ። መዝገቡ ራሱ አንድም ኢሜይል አያግድም። በሩን የሚዘጋው ተቀባዩ ነው፣ ያውም በራሱ ፈቃድ።

ይህን ያልተረዳ ኩባንያ ነበር። ስቲቭ ሊንፎርድ በ1998 ለንደን ውስጥ የጀመረው ስፓምሃውስ፣ ኢ360 ኢንሳይት የተባለ የአሜሪካ የኢሜይል ማስታወቂያ ድርጅትን መዘገበ። ድርጅቱ ኢሊኖይ ውስጥ ከሰሰ። ስፓምሃውስ መከራከሩን ስለተወ በ2006 11.7 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። ይግባኙ ዓመታት ፈጀ፣ ካሣው ወደ 27,002 ዶላር ወረደ፣ በ2011 ደግሞ ስንት ቀረ መሰላችሁ? 3 ዶላር! የአንድ ማኪያቶ ዋጋ እንኳ ላይሆን ይችላል።

እርግጥ መዝገቡ አንዳንዴ ንጹሑንም ይመታል። ርካሽ ሆስቲንግ ላይ አንድ አይፒ የሚጋሩ ብዙ ድርጅቶች አሉ፤ አንዱ ስፓም ሲልክ ሌሎቹ በጎረቤት ጦስ ይያዛሉ። ይህ ያናድዳል፣ ቅሬታችሁም ልክ ነው። መፍትሔው ሆስቲንግ ሰጪውን መያዝ ነው፤ ካልሰማ ቤት መቀየር።

ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ከቤት ነው። ተመልሶ የመጣውን የስህተት መልእክት አታጥፉት፤ የትኛው መዝገብ፣ የትኛው አይፒ ወይም ዶሜይን እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ ተጽፏል። ቀጥሎ ማን እየላከ እንደሆነ ፈልጉ፦ ቫይረስ የገባበት የሒሳብ ክፍል ኮምፒውተር፣ የተሰረቀ ፓስወርድ፣ ወይም ማርኬቲንጉ የገዛው የአድራሻ ዝርዝር። ይህን ሳታጸዱ «አውጡን» ብትሉ ቢያወጧችሁም ተመልሳችሁ ትገባላችሁ። ስፓምሃውስ ለማስወጣት ገንዘብ አይቀበልም፤ «በክፍያ እናስወጣችኋለን» የሚላችሁን ተጠንቀቁ።

አሁን ደግሞ ከአይፒው በላይ ማንነት እየተጠየቀ ነው። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጉግልና ያሁ፣ በተለይ በገፍ ከሚልኩ፣ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የተባሉትን የማንነት ማረጋገጫዎች ይጠይቃሉ። ዶሜይናችሁን የሚያስተዳድረው ባለሙያ ሦስቱንም እንዲያስገባላችሁ ዛሬውኑ ንገሩት።

የተመለሰባችሁን መልእክት ላኩልኝና አብረን እናነበዋለን። ፓስወርዳችሁን ግን እንዳትልኩልኝ፣ አደራ!