የዕቃ ዕድሜ፤ የገዥዎች ሐሜትና የታሪክ ምስክርነት

«የዱሮ ዕቃ ጠንካራ ነበር፤ የዛሬው ግን ቶሎ እንዲበላሽ ሆን ተብሎ ይሠራል» የሚለውን አነጋገር ያልሰማ ሰው የለም። ስልኩ የዘገየበት ሁሉ ይህንኑ ይደግማል፤ ሻጩ ደግሞ ይክዳል። የታሪክ ተማሪ ሐሜትን እንደ ሰማው አይቀበልም፤ ሐሜት ስለ ሆነ ብቻም አይጥለውም። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ ሁለት የታወቁ ጉዳዮችን፣ ይኸውም የአምፖልንና የስማርት ስልክን ነገር፣ አቅርበን ሐሜቱ ምን ያህል እውነት እንደ ነበረው እንመረምራለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1924 መጨረሻ የጀርመኑ ኦስራም፣ የሆላንዱ ፊሊፕስና ሌሎች ዋና ዋና አምፖል ሠሪዎች በጄኔቭ ፌቡስ የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ገበያውን ለአባሎቹ ከማከፋፈሉም በላይ የአምፖል ዕድሜ 1,000 ሰዓት እንዲሆን ወሰነ። ከዚያ በፊት ከ1,500 እስከ 2,000 ሰዓት የሚያበራ አምፖል በገበያ ይገኝ ነበር። ከየፋብሪካው የሚላከው ናሙና በስዊስ አገር እየተመረመረ፣ ከተወሰነው ዕድሜ በላይ የሚቆይ አምፖል የሠራ አባል መቀጫ ይከፍል ነበር። ይህ ውል የፈረሰው በ1939 ጦርነት ሲነሣ ነው።

ይህን ብቻ ያየ ሰው ሐሜተኛው ፈጽሞ ረትቷል ይል ይሆናል። ነገር ግን ሌላም ወገን አለ። በአምፖል ውስጥ ያለው ቀጭን የተንግስተን ሽቦ ይበልጥ በጋለ መጠን በዚያው የኤሌክትሪክ ኃይል ብዙ ብርሃን ይሰጣል፤ ዳሩ ግን ቶሎ እየተነነ ይበጠሳል። ዕድሜው እንዲረዝም የተሠራው አምፖል በአንጻሩ ብርሃኑ ደብዛዛ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት የሞኖፖል መርማሪ ኮሚሲዮን በ1951 ባወጣው ሪፖርት ይህንን አመዛዝኖ፣ ለሁሉ ሁኔታ የሚስማማ አንድ ትክክለኛ ዕድሜ እንደሌለ ገለጸ። እንግዲህ ለቁጥሩ የፊዚክስ ምክንያት አለው። ረዥም ዕድሜን በገንዘብ የሚቀጣው ደንብ ግን ከንግድ እንጂ ከፊዚክስ የመጣ አይደለም። ሁለቱ ምክንያቶች አብረው ኖረዋል፤ ገዥው ግን እንዲመርጥ አልተጠየቀም።

የስማርት ስልክም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። አፕል ኩባንያ በ2007 አይፎንን ሲያወጣ ባትሪውን ባለቤቱ በቀላሉ እንዳያወጣው አድርጎ ዘጋው፤ ሌሎች ሠሪዎችም ውሎ አድሮ ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። ከዚያ ወዲህ «አዲስ ስልክ ሲወጣ አሮጌው ይዘገያል» የሚለው ሐሜት እየበረታ ሄደ። በዲሴምበር 2017 አንድ ተጠቃሚ የአሮጌ ስልኩን ባትሪ ለውጦ ፍጥነቱን ቢለካ፣ ስልኩ ወደ ቀድሞው ፍጥነቱ ተመልሶ አገኘውና ይህንን ለሕዝብ አስታወቀ። ቀጥሎ የጊክቤንች መለኪያ መሥራች ጆን ፑል ከብዙ ስልኮች የተሰበሰበ ልኬት አወጣ። የአንድ ሰው አቤቱታ የነበረው ነገር በዚህ ጊዜ ማስረጃ ሆነ።

ኩባንያው በዚያው ወር ነገሩን አመነ። ያረጀ ባትሪ በድንገት ብዙ ኃይል ሲጠየቅ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ስልኩም ይጠፋል፤ ይህ እንዳይደርስ ሶፍትዌሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል ሲል አስረዳ። ምክንያቱ በኬሚስትሪ በኩል እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ያልተነገረው ባለስልክ፣ ባትሪ መለወጥ ሲበቃው በብዙ መቶ ዶላር አዲስ ስልክ ሊገዛ ይችል ነበር። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ የባትሪ መለወጫውን ዋጋ ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ፤ በ2020ም ለፈረንሳይ መንግሥት 25 ሚሊዮን ዩሮ ለመክፈል ተስማማ። በፈረንሳይ የተጠየቀበት ጥፋት ለገዥዎች አለመንገሩ እንደ ነበረ ልብ ማለት ይገባል።

ከሁለቱ ጉዳዮች የምናገኘው ፍርድ አንድ ነው። ሕዝቡ «ሆን ብለው ያበላሹታል» ሲል የሠሪውን አሳብ በትክክል አላወቀም፤ የተሰወረ ነገር መኖሩን ግን አልሳተም። ሐሜት የሚበቅለው ዕውቀት በአንድ ወገን ብቻ በተያዘበት ቦታ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ የጸናው ደንብ፣ የስልክ ሞዴል ሽያጭ ካበቃ በኋላ መለዋወጫው ለ7 ዓመት፣ የሶፍትዌር ማሻሻያው ለ5 ዓመት እንዲቀርብ ያዝዛል። ደንቡ የሚጸናው በዚያ ገበያ ለሚሸጥ ዕቃ ነው። በሌላው ዓለም ያለ ገዥ እስከ ዛሬ የሚተማመነው በአብዛኛው በጠጋኙ ምክርና በጎረቤቱ ወሬ ነው።

ስለዚህ እኛ የታሪክ ተማሪዎች የገበያን ወሬ አንናቅ፤ ቀኑንና ቦታውን ጨምረን እንመዝግበው። ባትሪውን የለወጠው ያ ተጠቃሚ ከብዙዎች የተለየው በማማቱ አልነበረም፤ በመለካቱ ነው።