ሲጢጥ የሚለው ሸራ

ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ስንወርድ ሚኒባሳችን በየኩርባው ሲጢጥ ይላል። ሾፌሩ «ሸራው ነው» ብሎ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ። እኛ ግን ጥያቄ ያዘን፤ ያን ሁሉ ብረት የሚያቆመውን ነገር ሸራ ያሰኘው ምንድን ነው?

ነገሩ ድሮ እውነትም ጨርቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ በደርቢሻየር ቁልቁለት የሚወርዱ የፈረስ ጋሪዎችን አይቶ ከጥጥና ከሬንጅ የፍሬን ሸራ ሠራ። በ1908 ደግሞ አስቤስቶስ አመጣ። አስቤስቶስ ሙቀት ይችላል፤ ብናኙ ግን የሳንባ ካንሰር ያመጣል።

እኛ ጋ ደግሞ በ1950ዎቹ የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማነት ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። ከ2,700 ሜትር ገደማ ወደ 1,300! (ፍሩድ ይህን ቁልቁለት ቢያይ ምን ይል ነበር?)

አሮጌ ሸራ ውስጥ ምን እንዳለ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ቤት ስትፈቱት እፍ አትበሉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ሙቀት የሚችል ግሪስ ጀርባውን ብቻ ይቀባል። ፊቱን ከነካ ሲጢጥታው ይጠፋ ይሆናል፣ ፍሬኑም አብሮ ይጠፋል። አልቆ ብረት ብረትን እየፋቀ ከሆነማ መቀየር ብቻ ነው።

ሾፌራችን ሲቀላ ደርሶ ወረደና ጎማውን አሸተተ። ሲመለስ ሬዲዮውን ዘጋው።