ላዛር ፖንቲቼሊ፦ የአንደኛው የዓለም ጦርነት የመጨረሻው የፈረንሳይ ዘማች

ላዛር ፖንቲቼሊ (እ.ኤ.አ 1897–2008) በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ሠራዊት ውስጥ ከተሰለፉት 8 ነጥብ 4 ሚሊዮን ያህል ወታደሮች መካከል በሕይወት የቆዩ የመጨረሻው ሰው መሆናቸው በይፋ የታወቀላቸው ዘማች ናቸው። በጣሊያን ተራራማ ገጠር በድህነት ተወልደው፣ በሁለት አገሮች ሰንደቅ ዓላማ ሥር ተዋግተው፣ ከወንድሞቻቸው ጋር ድርጅት መሥርተውና ልጆች አፍርተው በ110 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ስማቸው ከሁሉ ይልቅ የሚነሣው ግን መንግሥት ያዘጋጀላቸውን የክብር ቀብር ለረጅም ጊዜ አልቀበልም በማለታቸው ነው።

ልጅነትና ስደት

ፖንቲቼሊ የተወለዱት እ.ኤ.አ በዲሴምበር 1897 በሰሜን ጣሊያን፣ በኤሚሊያ ሮማኛ፣ ቤቶላ በተባለችው ትንሽ ከተማ ዙሪያ ከሚገኙት መንደሮች በአንዷ ነው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ላዛሮ ሲሆን፣ ላዛር የተባሉት በፈረንሳይ ነው። እናታቸው ልጆቻቸውን ለማሳደር ከተራራው ወደ ፖ ወንዝ ሜዳ እየወረዱ በሰው የሩዝ ማሳ ላይ በወቅት ሥራ ይሠሩ ነበር። አባታቸውና ታላቅ ወንድማቸው ከሞቱ በኋላ ቤተሰቡ እንጀራ ፍለጋ ወደ ፓሪስ ሲሰደድ፣ ለሁሉም የሚበቃ የጉዞ ገንዘብ ባለመኖሩ ትንሹ ላዛሮ በጎረቤት እጅ ቀሩ።

ሕፃኑ ግን ወፍ እያጠመዱና እየሸጡ፣ የእንጨት ጫማ በመሥራትም እየረዱ የባቡር ቲኬት መግዣ አጠራቀሙ። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው ወደ ፒያቼንሳ የባቡር ጣቢያ 34 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ተጓዙ፤ ጫማቸው እንዳያልቅ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት ነበር። ፓሪስ እንደ ደረሱ፣ ቋንቋውን ሳያውቁ፣ የጭስ ማውጫ በመጥረግ፣ በኋላም ጋዜጣ በማዞር ኑሯቸውን ጀመሩ።

በሁለት ሠራዊት ውስጥ

እ.ኤ.አ በኦገስት 1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ ፖንቲቼሊ የ16 ዓመት ልጅ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ጨምረው በመናገር በፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ሌጌዎን ተመዘገቡ። ምክንያታቸውንም ሲያስረዱ፣ ፈረንሳይ ስላበላቻቸው ውለታዋን ለመመለስ እንደ ሆነ ይናገሩ ነበር።

በሕይወታቸው ሙሉ ሲተርኩት የኖሩት ታሪክ በአርጎን ደን ግንባር የሆነው ነው። በሁለቱ ወገኖች ምሽጎች መካከል እግሩ የተቆረጠ የፈረንሳይ ወታደር ወድቆ የድረሱልኝ ጩኸት ያሰማ ነበር። ተኩሱ ስለ በረታ ቃሬዛ ተሸካሚዎች ሊጠጉት አልደፈሩም። ፖንቲቼሊ የሽቦ መቁረጫ ይዘው በደረታቸው እየተሳቡ ወጡ። መንገድ ላይ በመጀመሪያ ያገኙት ክንዱ የቆሰለ የጀርመን ወታደር ነበር። ቆስለኛው በቋንቋ መግባባት ስላልቻለ ሁለት ጣቶቹን አነሣ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ ማለቱ ነበር። ፖንቲቼሊ ወደ ጀርመኖች መስመር አደረሱት፤ ጀርመኖቹ ሲተኩሱም ቆስለኛው ራሱ ጮኾ አስቆማቸው። ከዚያ ተመልሰው ወገናቸውን እየጎተቱ ወደ ምሽጉ አመጡ። ያም ወታደር አቅፎ ሳማቸውና ስለ አራት ልጆቹ አመሰገናቸው።

በሜይ 1915 ጣሊያን ወደ ጦርነቱ ስትገባ፣ ፖንቲቼሊ የጣሊያን ዜጋ ስለ ነበሩ ለአገራቸው ሠራዊት ተፈለጉ። ከሌጌዎኑ መለየት ባለመፈለጋቸው በሁለት ጠባቂዎች ታጅበው ወደ ቱሪን ተወሰዱና አልፒኒ በሚባለው የተራራ ጦር የመትረየስ ተኳሽ ሆኑ። በዚያም ከኦስትሪያ ሠራዊት ጋር ተፋጠጡ። በዚሁ ግንባር ለጥቂት ሳምንታት ተኩሱ ቆሞ የሁለቱ ወገን ወታደሮች ዳቦ በትምባሆ ይለዋወጡ ነበር፤ አዛዦች ይህን ሲያውቁ የፖንቲቼሊን ጓድ ወደ ከፋ ስፍራ አዛወሩት። ፖንቲቼሊ በተራራው ውጊያ ጉንጫቸውን ቆስለዋል፤ ከሕክምና በኋላም ወደ ግንባር ተመልሰዋል። ከሠራዊቱ የተሰናበቱት እ.ኤ.አ በ1920 ነው።

ሥራና ቤተሰብ

ወደ ፈረንሳይ ተመልሰው ከሁለት ወንድሞቻቸው ጋር የፋብሪካ ጭስ ማውጫዎችን የሚገነባና የሚጠግን ድርጅት አቋቋሙ። ፖንቲቼሊ ወንድማማቾች የሚል ስያሜ ያለው ይህ ድርጅት አድጎ በሺዎች ለሚቆጠሩ ሠራተኞች እንጀራ ሆኗል። እ.ኤ.አ በ1939 የፈረንሳይ ዜግነት አገኙ። ዳግመኛ ለመዝመት ቢጠይቁም ዕድሜያቸው በመግፋቱ ሥራቸውን እንዲመሩ ተወሰነ፤ ፈረንሳይ በጀርመን ስትያዝ ደግሞ የአርበኞችን ትግል ረድተዋል። በ1960 ጡረታ ወጥተው በፓሪስ አጠገብ በምትገኘው ለ ክሬምላን ቢሴትር ከተማ ከቤተሰባቸው ጋር ኖሩ።

በየዓመቱ ኖቬምበር 11፣ ጦርነቱ በቆመበት ቀን፣ በከተማዋ የሰማዕታት ሐውልት ሥር ይገኙ ነበር፤ እስከ 2007 ድረስም ልማዳቸውን አላቋረጡም። ለትምህርት ቤት ልጆች ሲተርኩ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር፣ እንደ እነርሱ የልጆች አባት ከሆነ ሰው ጋር መገዳደል ትርጉም የለሽ መሆኑን ያስረዱ ነበር። ሽልማቶቻቸውን በጫማ ካርቶን ውስጥ ያስቀምጡ እንደ ነበርም ይነገራል።

የመጨረሻው ክብር

እ.ኤ.አ በ2005 ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ የመጨረሻው ዘማች ሲያርፍ ብሔራዊ የክብር ቀብር እንደሚደረግለት አስታወቁ። ፖንቲቼሊ ግን አልተቀበሉትም። በጦር ሜዳ የወደቁት እንዲህ ያለ ክብር ሳያገኙ፣ እሳቸው ረጅም ዕድሜ ስለ ኖሩ ብቻ መከበራቸው ለሙታኑ ስድብ ነው የሚል አቋም ነበራቸው። እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 20 ቀን 2008 ሌላው ዘማች ሉዊ ደ ካዝናቭ ካረፉ በኋላ ሐሳባቸውን ለወጡ። ሥነ ሥርዓቱ ቀላል እንዲሆንና በጦርነቱ የሞቱትን ሁሉ፣ ወንዶችንም ሴቶችንም፣ የሚያስብ እንዲሆን በመጠየቅ ተስማሙ።

ፖንቲቼሊ እ.ኤ.አ ማርች 12 ቀን 2008 በመኖሪያ ቤታቸው ዐረፉ። ከአምስት ቀናት በኋላ በፓሪስ በሚገኘው የቅዱስ ሉዊስ ዘ ኤንቫሊድ ካቴድራል፣ ፕሬዚዳንት ኒኮላ ሳርኮዚ በተገኙበት፣ እንደ ካቶሊክ ሥርዓት ጸሎተ ፍትሐት ተደረገላቸው። አስከሬናቸውን የተሸከሙት የሌጌዎኑ ወታደሮች ነበሩ። ከዚያም በኢቭሪ ሱር ሴን በቤተሰባቸው መቃብር ዐረፉ።