ሰንጠረዥ፦ ተጋጣሚ የሚጠብቅ ጦር

ቀይ ጨርቅ፣ በጥቁር ጥለት 64 ቤት የተከፈለ፤ ጠጠሮቹ ከእንጨትና ከቀንድ።

ሰንጠረዥ የኢትዮጵያ ባህላዊ ቼዝ ነው፤ ቤቶቹ እንደ ዛሬው ቼዝ ነጭና ጥቁር አይፈራረቁም። ድንቁ ግን አጀማመሩ ነው። «ወረራ» ይባላል፤ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ ባሻቸው ፍጥነት ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ተራ መጠበቅ የሚጀመረው ያኔ ነው። ከቦ የተቀመጠውም ዝም አይልም ነበር፤ ይመክር፣ ይከራከር ነበር።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ሲጫወቱት አይቷል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 እ.ኤ.አ. ታሪኩንና ሕጉን ጽፈዋል።

ሕጉ አለ፤ የጎደለው ሰው ነው። ከኡካ፣ ከመቱ ወይም ከጎሬ የመጣችሁ፣ አያቶቻችሁ ሲጫወቱ አይታችሁ እንደሆነ እባካችሁ ለአስጎብኚው ንገሩ። ከመስታወቱ ግርጌ ሌላ ጨርቅና ሁለት በርጩማ ተዘጋጅቷል።